በጥቂት ብር ወደ መካነ ሰላም፦ የረመዳን እንግዳ ሊያውቀው የሚገባ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በረመዳን ወር ኳላ ላምፑርን በትንሽ ወጪ ስለመጎብኘት የተጻፈ ምክር እያነበበ ያሰማኝ ነበር። ማሌዮች፣ ቻይናውያንና ሕንዶች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ያቺ የማሌዢያ ከተማ በጾሙ ወር ከሰዓት በኋላ በየመንገዱ የምግብ ገበያ ይዘረጋባታል። ካምፑንግ ባሩ በሚባለው ሰፈር መስጊድ ደግሞ "ቡቡር ላምቡክ" የሚሉት የሩዝ ገንፎ በትልልቅ ድስት ተሠርቶ ለመጣው ሰው ሁሉ በነጻ ይታደላል። ምክሩ "ይህ እንዳያመልጣችሁ" ይላል።

እኔ ግን ሐሳቤ ከኳላ ላምፑር ወጥቶ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ገባ። "በነጻ" የምትለው ቃል የቆየች እፍረቴን ቀሰቀሰችብኝ። በረመዳን ወደ መካነ ሰላም ለመሄድ ለምታስቡ አንባቢዎች የማውቀውን ምክር ከመስጠቴ በፊት እሷን ልናገር።

በ2015 ዓ.ም. ረመዳን የገባው መጋቢት 14 ቀን ነበር። ዓቢይ ጾም ያን ጊዜ እኩሌታውን አልፏል። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ትውልድ ከተማው ወደ መካነ ሰላም ሄድን። እሱ የሁዳዴ ጿሚ ነው፤ እኔ የረመዳን። ወላጆቹ ኑሯቸውን ወደ አዲስ አበባ ካዞሩ ስለቆዩ ያረፍነው በልጅነቱ ባሳደጉት ጎረቤት ቤት ነው። የእኚህ እናት ባለቤትና የባልደረባዬ አባት በአንድ ቅሬ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወሎ ዕድሩን ቅሬ ይለዋል፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ይቀባበሩበታል። እናታችን ሙስሊም ናቸው። ባልደረባዬ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ "እማዬ" ነው የሚላቸው። እኔ "እማማ" አልኳቸው።

አምስት ቀን ሰነበትን። አዛን ሲል ተምር፣ ሳምቡሳና የአጃ ሾርባ ይቀርባል፤ ከዚያ እንጀራው ይከተላል። ለባልደረባዬ ቅቤ ያልነካው ሽሮና ምስር ለብቻው ይሠራለታል። በሦስተኛው ቀን እማማ "ሁለት ድስት ምን ያደርግልኛል?" ብለው ለሁላችንም በዘይት ሠሩት። ከዚያ ወዲያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ በላን። ለሱሁር ራሳቸው በሩን እያንኳኩ ይቀሰቅሱኛል። በአምስቱ ቀን ለእራት አንድ ብር አላወጣሁም። ለባልደረባዬም "እንዲህ ያለ ርካሽ አገር አይቼ አላውቅም" እያልኩ ደጋግሜ ነገርኩት።

በመጨረሻው ቀን ሳሙና ልገዛ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ አየት አደረገኝና "የእማማ እንግዳ ነህ አይደል ወንድሜ?" አለኝ። ነኝ አልኩት። "ስኳሩንና ተምሩን ለኢድ አወራርዳለሁ ብለውኛል፤ እሱ ችግር የለውም። የዘይቱን ግን ለአምጪው ስለምከፍል እባክህ ብታስታውስልኝ" አለ። የዱቤ ደብተሩ ተዘርግቶ ነበር። የእኛ አምስት ቀን በተራ ተጽፏል።

ወሩ መጋቢት ነው። በወሎ ደጋ በየካቲትና በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ይጠበቃል፤ የመኸሩ እህል ከጎተራ እየጎደለ፣ ዘሩም ለመሬት እየወጣ ያለበት ጊዜ ነው። ርካሽ ያልኩት አገር ርካሽ አልነበረም። ሒሳቡን ሌላ ሰው ይከፍልልኝ ነበር እንጂ።

ከኪሴ አውጥቼ ዱቤውን ዘጋሁት። የተካስኩ መሰለኝ። እማማ ማታ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ቤቴን ምግብ ቤት አደረግከው የኔ ልጅ?" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እስክንለያይ ድረስ ያን ቃላቸውን የሚያክል ወቀሳ አልሰማሁም።

ስህተቴ ሁለት ነው። መጀመሪያ ባዶ እጄን ገባሁ፤ ቀጥሎ በገንዘብ ልሸፍነው ሞከርኩ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ኪስን ለመቆጠብ ነው፤ ግን የኛ ቁጠባ የአስተናጋጃችን ዕዳ እንዳይሆን ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት ስልክ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የወሎ መንገዶች አንድ ሳምንት ክፍት፣ በሌላው ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር የጉዞ ዕቃ ሳይሆን ስልክ ነው። እዚያው ላለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሉ። አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ፤ በመንገዱ የሚመላለስ ሾፌርም ጠይቁ። "ዘንድሮ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ። "ና" ካሏችሁም በቀን ብርሃን ብቻ ተጓዙ፤ መታወቂያችሁን ያዙ፤ ለምትሄዱበት ሰው የመነሻና የመድረሻ ሰዓታችሁን ንገሩ።

መንገዱ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ከተማ ነው። ቦረና ስንል የደቡብ ኢትዮጵያው ቦረና እንዳይመስላችሁ፤ ይሄኛው አባይን ተሻግሮ ጎጃምን የሚያየው የወሎ ቦረና ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ መካነ ሰላም ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጾም ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር አካልን ማድከም ነው። ደሴ እደሩ፤ ሱሁራችሁን በልታችሁ በማለዳ መናኸሪያ ተገኙ።

መናኸሪያ ስትደርሱ ሻንጣችሁን ለሚቀበላችሁ ደላላ ሳይሆን ለመስኮቱ ወይም ለስምሪት ሠራተኛው ታሪፉን ጠይቁ። የጭነት ዋጋውን ዕቃው ጣራ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ፤ ከወጣ በኋላ ክርክሩ የእናንተ አይሆንም። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ከሻንጣው ውስጥ ሳይሆን ከእጃችሁ ይሁን። የጉጉፍቱና የለጋምቦ ደጋ ብርድ ፀሐይ እያለም አያስቀምጥም። ተምርና ውሃ በኪሳችሁ ያዙ፤ መኪና ተበላሽቶ ወይም ፍተሻ ረዝሞ አዛን መንገድ ላይ ሊያገኛችሁ ይችላል። ተምሩ ለጎናችሁ ተሳፋሪ የሚተርፍ ይሁን።

በዚህ መንገድ ለመደሰት ገንዘብ አያስፈልግም፤ የቦታዎቹን ስም ማንበብ ይበቃል። ወረኢሉ፣ ወረሂመኑ፣ ለጋምቦ፣ ለገሂዳ፣ ቦረና፦ ኦሮምኛ ናቸው። "ወረ" ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ "ለገ" ወንዝ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት ቱሉ አውሊያ ደግሞ ሁለት ቋንቋ አጣምሯል፤ "ቱሉ" በኦሮምኛ ኮረብታ፣ "አውሊያ" በዐረብኛ የአላህ ወዳጆች። መድረሻችሁ መካነ ሰላም ግእዝ ነው፤ የሰላም ስፍራ። ይህን ሁሉ ስም በአማርኛ እያወራ የሚጠራው አገሬው ማን ከማን እንደመጣ ሲከራከር አትሰሙትም፤ በአንድ ቤት አያትየው ሙስሊም፣ የልጅ ልጁ ክርስቲያን፣ ስማቸው የተደባለቀ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም።

ማረፊያ

ዘመድ ቢኖራችሁም የመጀመሪያዋን ሌሊት አልቤርጎ ያዙ። ይህ ኩራት አይደለም። አስተናጋጃችሁ መምጣታችሁን አውቆ ቤቱን እንዲያሰናዳ ጊዜ መስጠት ነው። የዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ መካነ ሰላም ስለሚገኝ ተማሪ የሚያዘወትራቸው አነስተኛ ምግብ ቤቶችና ክፍሎች አሉ። ተማሪ የሚበላበት ቤት ለኪስ እንደሚስማማ የታወቀ ነው።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ውሃ መኖሩን፣ ብርድ ልብሱ ስንት እንደሆነ፣ መጸዳጃው የጋራ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ለሱሁር የሚነሣ ሰው አለ ወይ? አብዛኛውን ጊዜ ማድቤቱ ለአንድ እንግዳ ብሎ አይነሣም። ማታ ዳቦ፣ ሙዝና ተምር ገዝታችሁ ግቡ፤ ሻዩን በፔርሙዝ አስሞልታችሁ ያዙ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ትኩስ ነገር ከዋጋው በላይ ይጠቅማችኋል።

የሁለት ጾም ገበታ

ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ተከተለ። አምናም በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ነበር የገቡት። ረመዳን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። በሚመጣው ዓመት ረመዳን ሊያልቅ ሲቃረብ ነው ዓቢይ ጾም የሚገባው። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ ተቃቅፈው የሚውሉበት ጊዜ እየተገባደደ ነው ማለት ነው።

ለተጓዥ ይህ ምን ማለት ነው? በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ብዙ ነገር ይጋራሉ፤ የእርድ ሥጋ ግን አይጋሩም። በሠርግም በሐዘንም ለሁለቱም የየራሳቸው ይታረዳል። ለዚህ ነው ምግብ ቤት ስትገቡ "ቤቱ የማን ነው?" ብሎ መጠየቅ በዚያ አገር ነውር ያልሆነው። አስተናጋጁ ሳይከፋው ይነግራችኋል። ሥጋና ቅቤ በሌለበት ገበታ ላይ ግን ልዩነቱ ይነሣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሰላጣ በዘይት ሲሠራ ክርስቲያኑም ይበላዋል፣ ሙስሊሙም ያፈጥርበታል። ከዝርዝሩ ሁሉ ለኪስ የሚቀለውም እሱ ነው። በነዚህ ሳምንታት "የጾም በያይነት" ማለት የሁሉም ምግብ ማለት ነው።

ጿሚ ካልሆናችሁ ቀን ላይ የክርስቲያን ምግብ ቤቶችን ታገኛላችሁ። ገብታችሁ ብሉ፤ መንገድ ላይ እያኘካችሁ ግን አትሂዱ። ጥንቃቄው ለሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ የሁዳዴ ጿሚም አጠገባችሁ አለ። ጿሚ ከሆናችሁ ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ መስጊድ አካባቢ ውጡ። ሳምቡሳው ከዘይት ሲወጣ፣ ተምሩ ሲመዘን፣ ሾርባው ሲቀዳ ታያላችሁ። ለማፍጠሪያ የሚበቃችሁን እዚያው ግዙ፤ ሙሉ እራት በምግብ ቤት ከማዘዝ ይቀላል።

ባዶ እጅ አለመግባት

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ስለ ብር ነው። ይኼኛው ግን ዋናው ነው፤ ምክንያቱም በወሎ ሦስት ቀን ከቆያችሁ ቤቱ የሚጠራችሁ ሰው አታጡም። ወሎዬ እንግዳን ደጅ ላይ አቁሞ አያወራም።

አንደኛ፣ ደሴ ስታድሩ ግዙ። ስኳር፣ ተምር፣ ጥሬ ቡና፣ ዘይት፣ ሳሙና። የቆንጆ ዕቃ ስጦታ አትፈልጉ፤ እናንተ ልትበሉት የምትችሉትንና ቤቱ በዱቤ ሊገዛው የሚችለውን አምጡ። እኔ ከባለሱቁ ደብተር የተማርኩት ይህንን ነው፤ ዝርዝሩ እዚያ ተጽፎልኛል።

ሁለተኛ፣ ስትገቡ ስጡት እንጂ ስትወጡ አትስጡት። ስትገቡ የሰጣችሁት የመንገድ ስንቅ ነው፤ ስትወጡ የሰጣችሁት ሒሳብ ነው። በእጅ የያዛችሁትን ለቤቱ እናት፣ ሌላ እንግዳ ሳይኖር፣ "ከመንገድ ያመጣነው ነው" ብላችሁ አስረክቡ። "ምን አስቸገራችሁ!" ይላሉ። ይቀበላሉም።

ሦስተኛ፣ አንድ ቤት ላይ አትክረሙ። ጥሪ ሲበዛ አንዱን ማታ ተቀበሉ፤ ሌላውን "ዛሬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ነገ ለቡና እመጣለሁ" በሉ፤ ነገም ሂዱ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ነውና ጊዜ ይዛችሁ ግቡ። ረመዳን ስለሆነ ቡናው ከአፍጥር በኋላ እንደሚፈላ አትርሱ።

አራተኛ፣ አብሯችሁ የሚጓዘው ሰው እምነቱና ጾሙ ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ። አስተናጋጃችሁ ለእሱ ብለው የተለየ ነገር ማብሰላቸው አይቀርም። አስቀድመው ካወቁ አንድ ድስት ይበቃል፤ ከሰሙት በኋላ ግን እንደ አዲስ እሳት ያነዳሉ።

አምስተኛ፣ የምትሰጡት ገንዘብ ካላችሁ መንገዱን አሳምሩት። ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ይሆናል። በመስጊድ ለሚዘጋጅ የጋራ አፍጥር ማዋጣት ይቻላል። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ከኢድ ሰላት በፊት የሚወጣው ዘካተል ፊጥር የእህል ምጽዋት ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቁ ሰዎች የት ቤት ሊደርስ እንደሚገባ ይነግሯችኋል።

ሳይከፈልበት የሚታይ

ከኢሻ ሰላት በኋላ ለተራዊህ የሚወጣውን ሕዝብ ማየት፣ መንዙማ በሚባልበት ምሽት ጥግ ይዞ ማዳመጥ ክፍያ የለውም። የወሎ መንዙማ በአማርኛ እየተገጠመ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ የኖረ ቅርስ ነው። ቃሉን ለመረዳት ዐረብኛ መማር ስለማያስፈልጋችሁ ከውጭ አገር እንግዳ ትሻላላችሁ። ስልክ አውጥታችሁ ከመቅረጻችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ። የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁና ያን ቀን ዋሉበት፤ ከቆላው የአባይ ሸለቆ የወጣውና ከደጋው የወረደው ሰው የሚገናኘው እዚያ ነው።

ትንሽ የሚያስወጣው ደንቆሮ ጫካ ነው። ስሙን ሰምታችሁ አትሳቁ፤ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ነው። ከታች ጽድና ኮሶ፣ ከፍ ሲል አስታና ጅብራ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ ይታይበታል። ከመሄዳችሁ በፊት ከፓርኩ ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩ፤ የአካባቢውን መሪ ሳትይዙ አትግቡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትሄዱ የመኪናውና የመሪው ወጪ ይከፋፈላል። በጾም ዳገት ስለማይገፋ ጠዋት ሄዳችሁ ቀትር ሳይሆን መመለስ ነው። ተጨማሪ ቀን ያላችሁና መንገዱ የፈቀደላችሁ ደግሞ በሳይንት ያለችውን ጥንታዊቷን የተድባበ ማርያም ገዳም መሳለም ወይም መጎብኘት ትችላላችሁ።

ዘንድሮስ?

ያን ዓመት ከተመለስኩ በኋላ ለእማማ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። "ምን አጠፋህ?" ብለው አለፉት። ለቀጣዩ ረመዳን ሳይገባ አምስት ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ካርቶን ተምር በሚመላለስ ሾፌር ላክሁላቸው። ሲደርሳቸው ደወሉ። "አሁን እንግዳ ሆንክ" አሉኝ። ቀጥለውም ስኳሩ ለጎረቤትም እንደተረፈ፣ ያ ባለሱቅም ሰላም እንዳለኝ ነገሩኝ።

ዘንድሮ ለመሄድ አስቤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ደወልኩ። መንገዱን ጠየቅኋቸው። "ይህን ሳምንት ቆይ፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ" አሉ። በሳምንቱ እንደገና ደወልኩ፤ "ገና ነው የኔ ልጅ፤ አትቸኩል" አሉኝ። ባልደረባዬም ለየብቻው ይደውልላቸዋል፤ መልሳቸው አንድ ነው። ስንቁን ግን ገዝተነዋል፤ ከቢሮ መሳቢያ ሥር ተቀምጧል። መንገዱ ከፈቀደ በእጃችን ይዘን እንገባለን። ካልፈቀደም ዕቃ የሚያሻግር ሾፌር እስኪገኝ እንጠብቃለን። ለኢድ እንዲደርስላቸው ነው የምንሻው፤ ደብተሩ ላይ ሌላ መስመር ሳይጻፍ።